የሣር አይጥ እና መኖሪያዋ፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ አካባቢ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ በማሳ ድንበር፣ በመስኖ ቦይ ዳርና በእርከን ላይ በቀን ብርሃን ስትሮጥ የምትታየው አይጥ ብዙ ጊዜ ከቤት አይጥ ጋር ትምታታለች፤ በዚህም የተነሳ ባልሠራችው ጥፋት ስትከሰስ፣ በሠራችው ደግሞ በማይመለከታት ዘዴ ስትሳደድ ትኖራለች። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የናይል የሣር አይጥ የምትባለውን፣ በሳይንሳዊ ስሟ አርቪካንቲስ ኒሎቲከስ ተብላ የተመዘገበችውን ዝርያ የሚመለከቱ ሲሆን፣ በአገራችን የሚገኙት የቅርብ ዘመዶቿ ለየት የሚሉበት ነገር ሲኖር በየቦታው ተጠቅሷል።

የሣር አይጥ ምን ዓይነት እንስሳ ናት?

የሣር አይጥ ሣር በለበሰ ሜዳ፣ በማሳ ዳርና በቁጥቋጦ ሥር የምትኖር፣ በቀን የምትንቀሳቀስና አብዛኛውን ጊዜ ሣርና ዘር የምትመገብ የዱር አይጥ ናት። የናይሏ ዝርያ ያለ ጭራዋ ስትለካ ከ12 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ክብደቷም እንደ ዕድሜዋና እንደ ወቅቱ ከ50 እስከ 180 ግራም ይደርሳል። ጆሮዎቿ አጭርና ክብ ናቸው፤ ጭራዋ ከሰውነቷ ጥቂት ያጥራል፣ ከላይ በኩል ጠቆር፣ ከታች በኩል ገረጣ ይላል። የጀርባዋ ፀጉር እያንዳንዱ ዘለላ ጥቁርና ቢጫማ ቀለም እየተፈራረቀበት ስለሚያድግ ከሩቅ ሲታይ ነጠብጣብ የተረጨበት ቡናማ ይመስላል፤ ይህ ቀለም በደረቀ ሣር መካከል ስትቆም ለዓይን እንድትሰወር ያደርጋታል። ሆዷ ነጣ ያለ ግራጫ ነው።

በቤታችን ከምናያት አይጥ በምን ትለያለች?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚደጋገም፣ መልሱም የቀሩትን ጥያቄዎች ስለሚወስን ሰፋ አድርጎ ማየቱ ይጠቅማል።

በጁገል ውስጥ ባሉ ቤቶች ኮርኒስ ላይ ሌሊት ስትሮጥ የምትሰማው፣ በድሬዳዋም በእህል መጋዘኖችና በሱቆች ጓዳ የምትገባው ትልቋ አይጥ የሣር አይጥ አይደለችም። እሷ ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ ጆሮዋ ሰፊና ስስ የሆነ፣ ግድግዳና ገመድ ላይ በቀላሉ የምትወጣ የሌሊት እንስሳ ናት። የሣር አይጥ ግን የምድር እንስሳ ናት፤ ለመውጣት ብዙም አልተፈጠረችም፣ የሰው ቤት ውስጥም ሰፍራ መኖር አይሆንላትም። በግቢ ጥግ በተከመረ አገዳ ሥር ብትገኝ እንኳ የሳባት ቤቱ ሳይሆን ክምሩ የሰጣት መሸሸጊያ ነው።

ከማሳ ውስጥ አይጦች መካከል በብዛት የምትምታታባት ማስቶሚስ የተባለችው ወገን ናት። የማስቶሚስ እንስት በደረቷና በሆዷ ላይ ከ8 እስከ 12 ጥንድ የሚደርሱ ጡቶች አሏት፤ የሣር አይጥ ያላት ግን 3 ጥንድ ብቻ ነው። በወጥመድ የተያዘችን እንስት ገልብጦ ማየት ለቻለ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ መለያ የለም። ከዚህም ሌላ ማስቶሚስ የምትወጣው ሲመሽ ነው፤ ፀጉሯም ለስላሳና ወጥ ቀለም ያለው ነው። በነገራችን ላይ ከዚህ ወገን አንዷ፣ የአዋሽ ማስቶሚስ የተባለችው፣ ከቆቃ ሐይቅ ዳርቻ በተያዙ እንስሳት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሳይንስ የታወቀች የኢትዮጵያ ብቸኛ ሀብት ስለሆነች፣ የማሳ ጠላት ተብላ ብቻ የምትታለፍ አይደለችም።

በደንገጎ ቁልቁለትና በሐረር ዙሪያ ባሉ ቋጥኞች ውስጥ የምትገኘው፣ ጀርባዋ በሻካራ እሾህ መሰል ፀጉር የተሸፈነው ደግሞ አኮሚስ ናት፤ የእሷ አገር ድንጋይ እንጂ ሣር አይደለም። በቆላው አሸዋማ መሬት ላይ የሚገኙትና የጭራቸው ጫፍ ጎፈር ያለው፣ ዓይናቸው ትልልቅ የሆነው ጀርቢሎችም የሌሊት ፍጥረቶች ናቸው። በደጋው አፈር ወደ ላይ እየገፋ ጉብታ የሚሠራው ፍልፈል ነው፤ የሣር አይጥ እንዲህ ያለ ጉብታ አትሠራም። በቀን በመታየት የምትመሳሰላት አንዲት ብቻ ናት፦ በድሬዳዋና በባቢሌ ቆላ የምትኖረው የመሬት ስኩዊረል። እሷ ግን በመጠን በጣም ትበልጣለች፣ ጭራዋም በረጅም ፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ያያት ሰው አይሳሳትም።

የናይል የሣር አይጥ በየትኞቹ አገሮች ትኖራለች?

ስሟ የናይልን ወንዝ ቢያነሳም አገሯ ከናይል እጅግ ይሰፋል። በሰሜን በኩል በግብፅ የወንዙን ሸለቆና ደልታ ተከትላ ትገኛለች፤ በምዕራብ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ ከሰሐራ በታች ባለው የሣር መሬት መቀነት እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ ትዘልቃለች፤ በደቡብ ደግሞ በኡጋንዳና በኬንያ አድርጋ እስከ ታንዛንያ ትደርሳለች። ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ግርጌም ከአፍሪካው ሕዝቧ ተነጥሎ የቀረ ሕዝብ አላት። ከበረሃው ጋር በሚዋሰኑት አገሮች ሁሉ የምትገኘው ውኃ ሣር በሚያበቅልበት ቦታ ነው፤ በግብፅ ከመስኖው ክልል ወጥቶ ወደ በረሃው ጥቂት የተጓዘ ሰው አያገኛትም።

አርቪካንቲስ የተባለው ወገን በጠቅላላው ከዚህች ዝርያ የሰፋ ሲሆን፣ በዘረመል ላይ የተደረጉ ጥናቶች የተስፋፋው ከምሥራቅ አፍሪካ ተነስቶ እንደሆነ ያመለክታሉ። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ልዩ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በአገራችን የተዘዋወረው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1842 የገለጻት የአቢሲኒያ የሣር አይጥ የደጋችን ብቸኛ ሀብት ናት። በባሌ ተራሮች ቁርና ውርጭ ውስጥ የምትኖረው የብሊክ የሣር አይጥ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ካልሆነ አትገኝም፤ የሳነቴን አምባ የጎበኘ ሰው በጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ሳያያት አይመለስም። በጣና ዙሪያ ባለው በደምቢያ ስም የተሰየመችውን የሣር አይጥ አንዳንድ ሊቃውንት ራሷን የቻለች ዝርያ አድርገው ሲቆጥሯት፣ ሌሎች ከናይሏ ዝርያ ጋር ያጠቃልሏታል። ክርክሩ የሚነሳው እነዚህ እንስሳት በውጭ መልካቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ነው፤ የሚለዩት ብዙ ጊዜ በክሮሞዞም ቁጥርና በዘረመል ምርመራ ነው። የናይሏ ዝርያ 62 ክሮሞዞም አላት።

በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያስ የሣር አይጥ የምትገኘው የት ነው?

ሁለቱ ከተሞች በመንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ቢገኙም ለሣር አይጥ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው የደንገጎ ቁልቁለት አለ።

ከአዋሽ ሸለቆ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ሶማሊያ በሚዘረጋው ደረቅ ቆላ፣ የድሬዳዋንም ሜዳ ጨምሮ፣ የሚታወቀው አነስ ያለችው የኑማን የሣር አይጥ አገር ነው። የሶማሌ የሣር አይጥ እየተባለች የምትጠራውም በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ከእሷ ጋር አንድ ናት። ይህች ዝርያ ከናይሏ ይልቅ ደረቅነትን የምትችል ብትሆንም ሙሉ በሙሉ ከተራቆተ መሬት ትሸሻለች፤ ዘላቂ ሣር በቀረባቸው ጉድባዎች፣ በቁጥቋጦ ሥርና በመስኖ በሚለሙ የፍራፍሬና የአትክልት ማሳዎች ዳር ትጠጋለች። በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ውስጥ መፈለጓ ከንቱ ድካም ነው፤ ጎርፉ በየክረምቱ የሚጠርገው ወንዝ ሣር አይይዝም። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ በወረረው መሬትም ከጥላው ሥር ሣር ስለማይበቅል ብዙም አትጠበቅም።

በሐረር በኩል የሚፈለግባቸው ቦታዎች ሌላ መልክ አላቸው። በማሽላና በጫት ማሳዎች መካከል ያሉት በድንጋይ የተካቡ እርከኖች፣ በየማሳው ድንበር ሳይታረስ የሚቀረው የሣር መቀነት፣ ውኃው ሲሸሽ ሣር የሚለብሰው የሐሮማያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲወረድ የሚገኘው የኤረር ሸለቆ የወንዝ ዳር ሣርና የአትክልት ማሳ ለዚህ ወገን አይጦች የተመቹ ናቸው። በዝሆኖቹ የሚታወቀው የባቢሌ መጠለያም የብዙ ዓይነት ትናንሽ አጥቢዎች መኖሪያ ነው፤ ጎብኚው ሁሉ ዝሆን ፍለጋ ዓይኑን ወደ ሩቅ ስለሚጥል ግን እግሩ ሥር ያለውን አያይም።

ሁለቱንም ወገን የሚያስማማው ነገር ሽፋን ነው። የሣሩ ከፍታ እንስሳዋን ከጭልፊት ዓይን መሰወር ከቻለ ትሰፍራለች፤ ሣሩ ሲታጨድ፣ በከብት ሲጋጥ ወይም ሲቃጠል ትለቃለች። እኔ በግሌ አንድን ቦታ አይቼ የሣር አይጥ ትኖርበት እንደሆነ ስጠየቅ ከአፈሩም ከከፍታውም አስቀድሜ የምመለከተው ሣሩን ነው።

መኖሯን በምን ምልክት ማወቅ ይቻላል?

እንስሳዋን ከማየት በፊት መንገዷን ማየት ይቀላል። በኤረር ሸለቆ በአንድ የመስኖ ቦይ ዳር ቁመቱ ጉልበት በሚደርስ ሣር ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሣሩን በሁለት እጅ ለገለጠ ሰው የሚታየው እንዲህ ያለ ነው፦ ስፋቱ የአራት ጣት ያህል የሆነ፣ መሬቱ ተረግጦ የለሰለሰ፣ ቅጠልና ጠጠር ተጠርጎ የወጣለት ቀጭን መንገድ ከጉድጓዱ አፍ ተነስቶ ወደ ማሳው ያመራል፤ ከላይ ሣሩ ተጋጥሞ ጣሪያ ይሠራለታል። በመንገዱ ጠርዝ ላይ በጥርስ በሰያፍ የተቆረጡ፣ ርዝመታቸው ተቀራራቢ የሆኑ የሣር አገዳዎች በትንሽ በትንሹ ተከምረው ይገኛሉ፤ አጠገባቸውም ኩስ አለ። የተቆረጠው ጫፍ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ መንገዱ አገልግሎት ላይ ነው፤ ደርቆ ከቡነነ ባለቤቷ ለቅቃለች።

ከአንድ ጉድጓድ እንዲህ ያሉ በርካታ መንገዶች በየአቅጣጫው ይወጣሉ። ሣሩ ለምልሞ ሽፋን በሚሰጥበት ወቅት እየጠረገች ትጠብቃቸዋለች፤ በበጋ ሣሩ ሲሳሳ መንገዱ መደበቂያ መሆኑ ስለሚቀር ችላ ትለዋለች። ስለዚህ ምልክቱን በጥር ፈልጎ ማጣት እንስሳዋ የለችም ለማለት አያበቃም። ጉድጓዱ ጥልቀት የሌለው ሲሆን፣ አፎቹም ብዙ ጊዜ በቁጥቋጦ ሥር፣ በድንጋይ ክምር ውስጥ ወይም በኩይሳ አጠገብ ናቸው። ውስጡ በሣር የተጎነጎነ ጎጆ አለ።

እንስሳዋን ራሷን ማየት ለሚፈልግ ሰው ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስኪመሽ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱን ሸሽታ ትገባለች። ከመንገዷ አፍ ጥቂት ሜትር ርቆ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ይበቃል።

አይጥ ሆና ሳለ ቀን የምትወጣው ለምንድን ነው?

ዓይኗ የተሠራው ለቀን ብርሃን ነው። በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ብርሃን ከሚቀበሉት ሕዋሳት መካከል ቀለምንና ብሩህ ብርሃንን የሚለዩት በቤት አይጥ ከመቶ 3 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በሣር አይጥ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ይይዛሉ። ይህ ከአይጥ ይልቅ ወደ ሰው ዓይን ማዕከላዊ ክፍል የሚቀርብ አሠራር ስለሆነ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ብርሃንና ስለ አእምሮ የሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች ከማታ አይጦች ይልቅ እሷን መምረጥ ጀምረዋል። ለዚህ ሥራ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚራቡት የሣር አይጦች እ.ኤ.አ. በ1993 ከኬንያ የተወሰዱት ዘሮች ናቸው።

አንድ አስገራሚ ነገር እዚህ ላይ ቢጨመር አይከፋም፦ በቤተ ሙከራ ውስጥ የመሮጫ ጎማ ሲሰጣቸው ከመካከላቸው የተወሰኑት ሌሊት ሌሊት መሮጥ ይጀምራሉ፤ ጎማው ሲወሰድባቸው ወደ ቀን ኑሯቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ማሳ ውስጥ አልፎ አልፎ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ብትታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

ምን ትበላለች?

የሣር ቅጠልና አገዳ፣ ዘር፣ የሰብል ቡቃያና እሸት፣ አንዳንዴም የዛፍ ቅርፊትና ነፍሳት። ብዙ ቃጫ ያለው ምግብ ለጤንነቷ የግድ ነው፤ ለተራ የቤተ ሙከራ አይጥ የሚዘጋጀው ጉልበት ሰጪ ምግብ ሲሰጣት ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ይይዛታል፣ ቃጫ የበዛበት ምግብ ሲሰጣት ግን ይከላከልላታል። በዚህ ምክንያት የስኳር በሽታ ተመራማሪዎችም ይፈልጓታል። የከተማ ሰው ከዚህ የሚማረውን ለራሱ እተዋለሁ።

በክረምት ድንገት የምትበዛው ለምንድን ነው?

እርግዝናዋ ከ23 እስከ 25 ቀን ብቻ ይወስዳል፤ በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6፣ አንዳንዴም እስከ 12 ትወልዳለች፤ በወለደች ማግስት እንደገና መፀነስ ትችላለች። ግልገሎቹ 3 ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ጡት ይተዋሉ፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በአንድ ጉድጓድ በርካታ ወንዶች፣ እንስቶችና ግልገሎች በኅብረት ስለሚኖሩ የአንድ ጉድጓድ ነዋሪዎች ቁጥር ቶሎ ያሻቅባል።

ይህ ሁሉ ግን ዝናብ ይጠብቃል። የሣር አይጥ መራባት የሚጀምረው ዝናቡ ለምለም ሣርና ዘር ካመጣ በኋላ ነው፤ በእኛ አካባቢ ዝናቡ በሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፣ በበልግ መጋቢትና ሚያዝያ፣ በክረምት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ የቁጥሯም ማሻቀብ ይህንን ተከትሎ ይመጣል። በልጉ የሰመረበት ዓመት የክረምቱ መነሻ ቁጥር ከፍ ያለ እንዲሆን ስለሚያደርግ፣ የማሽላ እሸት በሚደርስበት በመስከረምና በጥቅምት ገበሬው ድንገት የመጣ መቅሠፍት ይመስለዋል፤ መነሻው ግን ከወራት በፊት በማሳው ድንበር ላይ ነበር። ዝናቡ ሲቆም መራባቷ ይቆማል፤ በበጋው ብዙዎቹ ያልቃሉ። በዱር ዓመት ሞልታ የምትሞት ጥቂት ናት።

ማሽላዬን ያጠፋችው እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ጥፋቱን ሳያጣሩ ወደ እርምጃ መሄድ በአካባቢያችን የተለመደ ነው፤ ብዙ ገንዘብና ድካም የሚባክነውም በዚህ ነው። ግሪሳ የሚመታው ከላይ ነው፤ አገዳው ቆሞ ዛላው ባዶውን ይቀራል። ጃርት በሌሊት መጥቶ ከሥሩ ይቆፍራል፣ በመሬቱም ላይ ወስፌ ጥሎ ይሄዳል። ከርከሮ ሰፊ ቦታ አርሶና ደምስሶ ይሄዳል። የሣር አይጥ ግን የተዘራን ዘር ከመስመሩ ቆፍራ ታወጣለች፤ ቡቃያን ከአፈሩ ጋር እኩል አድርጋ ትቆርጣለች፤ አገዳን ከሥሩ አካባቢ ገዝግዛ ከጣለች በኋላ እሸቱን መሬት ላይ ትበላለች። ጥፋቷ ከማሳው መሃል ይልቅ በዳር በኩል፣ በተለይም ሣር በበዛበት ድንበር ከአምስትና ከስድስት መስመር ባልበለጠው ውስጥ ይጠነክራል። ማስቶሚስም ተመሳሳይ ጥፋት ስለምታደርስ ሁለቱን የሚለየው ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት የተጣለ ወጥመድ ከሰዓት በኋላ የያዘው የሣር አይጥን ነው፤ ሲመሽ ተጥሎ ሲነጋ የያዘው ማስቶሚስን ነው። በዝዋይ አካባቢ በበቆሎ ማሳና በሣር መሬት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው የፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለና የሥራ ባልደረባቸው ጥናትም የእነዚህ የሁለቱ ወገን አይጦች ጎን ለጎን መኖር ተመዝግቧል።

በሐረርጌ ማሽላ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ የማከማቸት ነባር ልማድ አለ። በዚያ ጉድጓድ ለሚደርሰው ጥፋት የሣር አይጥን መወንጀል ከንቱ ነው፤ በደንብ የተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ዋናዎቹ ጠላቶች ነቀዝና ሻጋታ ናቸው።

ታዲያ ምን ማድረግ ይሻላል?

ከሁሉም የሚቀድመው ሽፋኑን መንሳት ነው። በማሳው ድንበርና በእርከኑ ላይ ያለውን ረጅም ሣር ዘር ከመዘራቱ በፊትና እሸት ከመድረሱ በፊት ማጨድ፣ የታጨደውንም ለከብት ማቅረብ እንጂ እዚያው አለመከመር፣ የቆየ አገዳ በማሳው ዳር እንዳይከማች ማድረግ ከማንኛውም መርዝ የበለጠ ይጠቅማል። በትግራይ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሠሩ ጥናቶች በድንጋይ የተሠሩ እርከኖች በተቀራረቡበት ማሳ አይጥ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ይህን የሰማ ሰው እርከኑን ለማፍረስ ቢነሳ ግን ከአይጡ የከፋ ጥፋት ያደርሳል፤ ያለ እርከን በሐረር ተዳፋት ላይ አፈር አይቀርም። የሚያስፈልገው በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ቀዳዳ በአፈርና በጠጠር መድፈን፣ በላዩም የሚበቅለውን ሣር ማሳጠር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። በበጋው ማብቂያ፣ በየካቲት ገደማ፣ ቁጥራቸው የወረደውና አረንጓዴ ሆነው በቀሩት ጥቂት ቦታዎች የተሰበሰቡት ያን ጊዜ ስለሆነ፣ በቦይ ዳርና በአትክልት ማሳ አጥር ሥር የሚጣል ወጥመድና የሚቆፈር ጉድጓድ በጥቅምት ከሚደረገው እጥፍ ድርብ ውጤት አለው። ከመራባታቸው በፊት የተያዘች አንዲት እንስት በጥቅምት ከሚያዙ ብዙ አይጦች ትበልጣለች። የጎረቤታሞች አብሮ መዝራትና አብሮ ማጽዳትም የግድ ነው፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የዘራ ብቸኛ ማሳ የአካባቢውን አይጥ ሁሉ ይጠራል።

ሣሩን ማቃጠል ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ የገቡት ይተርፋሉ፣ ከተረፉም በኋላ በዚያው ቀን ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራሉ። ለጎረቤት መርዶ መላክ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

መርዝ ብጠቀምስ?

በገበያ የሚገኘው ዚንክ ፎስፋይድ ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ዶሮ፣ ውሻ ወይም ሕፃን ቢቀምሰውም ሥራው ያው ነው፣ ለይቶ የሚያረክስ መድኃኒትም የለውም። ብሮዲፋኩምን የመሰሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች ደግሞ በአይጧ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆዩ የበላትን ሁሉ ይከተላሉ። የሣር አይጥ በቀን የምትንቀሳቀስ በመሆኗ ተመርዛ ስትንገዳገድ ቀድመው የሚያነሷት የቀን አዳኞች፣ ጭልፊትና ጭላት ናቸው፤ እነሱ ሲሞቱ የሚቀጥለው ዓመት አይጥ ያለ ከልካይ ይቀራል። ለአትክልት ነፍሳት የተሸጠን ኬሚካል ከእህል ጋር ለውሶ መበተን ግን በምንም መንገድ መደረግ የለበትም። መርዝ የግድ ከሆነ በግብርና ባለሙያ ምክር፣ በጉድጓዱ አፍ ውስጥ ተደርጎና አፉ ተከድኖ እንጂ በማሳ ላይ ተበትኖ አይደለም፤ የሞቱትም ተሰብስበው ይቀበራሉ።

በሽታ ታስተላልፋለች?

እንደማንኛውም የዱር አይጥ ልታስተላልፍ ትችላለች። በሽንቷ የሌፕቶስፓይራ ባክቴሪያ፣ በቁንጫዋ አማካይነት ደግሞ ወረርሽኝ በተነሳባቸው የምሥራቅ አፍሪካ አካባቢዎች የቸነፈር ተሕዋስ ከዚህ ወገን አይጦች ጋር ተያይዘዋል። በሴኔጋልና በሱዳን የቆዳ ሌሽማኒያ ጥገኛ ተሕዋስ ማከማቻ ሆና ተገኝታለች፤ በኢትዮጵያ ደጋ የሚታየው የቆዳ ሌሽማኒያ ግን ከሌላ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን ዋና ማከማቻው ሽኮኮ ነው። በሬዲዮ ስሙ የሚነሳው የላሳ በሽታ የምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ተሸካሚዋም ማስቶሚስ እንጂ የሣር አይጥ አይደለችም።

ልጆች የሞተች አይጥ በእጃቸው እንዳይነኩ፣ ማሳ የሚያጭዱም በባዶ እጃቸው ጉድጓድ እንዳይጎረጉሩ ይመከራል። የነከሰች እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። እንዲህ ያሉ ትናንሽ አይጦች የእብድ ውሻ በሽታን ማስተላለፋቸው እጅግ ብርቅ ነው፤ የቴታነስ ክትባት ጉዳይና የቁስሉ ማመርቀዝ ግን ቸል አይባልም።

ብትጠፋ ምን ይጎድላል?

ቀን የሚያድኑ አዳኞች ማዕድ ይጎድላል። በሐረር ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች፣ በሣር ውስጥ የሚሄዱት እባቦች፣ ሸለምጥማጥና አነር የሚመኩት በዚህች እንስሳና በመሰሎቿ ላይ ነው። የነገሩን ክብደት በግልጽ የሚያሳየው ግን ባሌ ነው፦ የቀይ ቀበሮ ምግብ በተጠናበት ጊዜ ከመቶ 96 ያህሉ አይጥና የአይጥ ዘመድ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም መካከል የብሊክ የሣር አይጥ አንዷ ናት። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድነው የሚበላቸው እንስሳት በቀን ስለሚወጡ ነው።

ለመጥፋት የተቃረበች ናት?

የናይሏ ዝርያ አይደለችም፤ በሰፊው ስለምትገኝ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ መዝገብ ስጋት ከሌለባቸው ተርታ ተመድባለች። አገሯ ጠባብ የሆነው የባሌዋ ዝርያ ግን ይህ መተማመኛ የላትም፤ ከብት ሣሯን በጋጠባት ቁጥር የምትኖርበት ያንሳል፣ የምትሸሽበትም ሌላ ተራራ የለም።

በቤት ማሳደግ ይቻላል?

አይመከርም። በቀን መንቀሳቀሷና ዓይነ ግቡ መሆኗ ልጆችን ይማርካል፤ ይሁን እንጂ ቁንጫዋንና ተሕዋሷን ይዛ ትመጣለች፣ የወፍና የዶሮ መኖ ስትመገብ ትታመማለች፣ ጥንዷን የያዘ ሰውም በጥቂት ወራት ውስጥ ቆጥሮ አይዘልቃቸውም። በባቢሌ መጠለያ ክልል ውስጥ ደግሞ ማንኛውንም የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ልጆች እንዲያዩዋት ከተፈለገ በጠዋት ወደ መስኖው ቦይ ዳር ይዟቸው የሚሄድ ሰው በቂ ነው፤ የሚያስፈልገው ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው፣ እሱም ለልጆች ከባዱ ክፍል ነው።